ድግሱን እንጂ ድፍድፉን የማያይ በጀት፦ በዳላስ–ፎርት ዎርዝ ለማይክሮኮንትሮለር ዐውደ ጥናት መዘጋጀት

ፍሬ ሐሳብ

የማይክሮኮንትሮለር ቦርድን በገዛ እጅ መሥራት የሚያስተምር የማኅበረሰብ ዐውደ ጥናት የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ተሳታፊው ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት ነው። የሕዝብ ድጋፍ ግን በአብዛኛው የሚቆጥረው በዕለቱ የተገኘውን ሰው ብዛት እንጂ ከዚያ በፊት ያለፉትን የሥራ ሳምንታት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ዝግጅት ራሱን የቻለ የበጀት ርእስ ሊሆን ይገባል ሲል ይሞግታል፤ በመጨረሻም ለከተማና ለግዛት ሕግ አውጪዎች፣ እንዲሁም ለማኅበረሰብ ድርጅቶች አምስት ምክረ ሐሳቦችን ያቀርባል።

ቺፑ የተወለደበት ከተማ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1958 ጃክ ኪልቢ የተባለው መሐንዲስ በዳላስ በሚገኘው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቤተ ሙከራ፣ በአንዲት የጀርማኒየም ቁራጭ ላይ የሠራውን የተቀናጀ ሰርኪት ለኩባንያው ኃላፊዎች አሳየ። በ2000 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ያደረገውም ይኸው ሥራ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዳላስ የሆነው ይኸው ኩባንያ በ1974 ቲኤምኤስ 1000 የተባለውን ምርት ለገበያ አቀረበ፤ ማስሊያውን፣ ማኅደረ ትውስታውንና ከውጭው ዓለም ጋር መገናኛውን በአንድ ቺፕ ላይ በማጣመሩ ከመጀመሪያዎቹ ማይክሮኮንትሮለሮች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። የኩባንያው መሥራቾች በ1961 ያቋቋሙት የምርምር ማእከልም በ1969 ለግዛቱ ተላልፎ ዛሬ በሪቻርድሰን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ ለመሆን በቅቷል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኦገስት 9 ቀን 2022 የተፈረመው የፌዴራሉ የቺፕስና የሳይንስ ሕግ ለቺፕ ፋብሪካዎች ማበረታቻ 39 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በዲሴምበር 2024 በጸደቀው ውል መሠረት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከዳላስ በስተ ሰሜን በሸርማን ከተማ ለሚገነባቸው ሁለት ፋብሪካዎችና በዩታ ለሚገነባው አንድ ፋብሪካ እስከ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ቀጥተኛ ድጋፍ ተፈቅዶለታል። ቴክሳስም በበኩሏ በ2023 የራሷን የቺፕስ ሕግ አውጥታ የሴሚኮንዳክተር ፈጠራ ፈንድ አቋቁማለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ከጋርላንድና ከሪቻርድሰን እስከ ኧርቪንግና ፎርት ዎርዝ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወላጅና ልጁ ወደዚህ ኢንዱስትሪ የሚገቡበት በር የት ነው? በአገሩ ምህንድስና ተምሮ እዚህ በመጋዘን፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በታክሲ ሥራ የተሠማራ ሰው በማኅበረሰባችን ውስጥ እንግዳ አይደለም። ለፋብሪካው የተመደበው ቢሊዮን እና በዚህ ሰው መካከል ያለው ርቀት በሀይዌይ ማይል የሚለካ አይደለም። የሚለካው በመጀመሪያዋ እርምጃ ነው፤ አንድ ቺፕን በእጅ ይዞ፣ ከምን ጋር እንደሚገናኝ አውቆ፣ ሥራ ሲጀምር በዐይን አይቶ «ይህንማ እችላለሁ» በማለት። የማኅበረሰብ ዐውደ ጥናት ይህችን እርምጃ የሚያስጀምር ቦታ ነው።

ቦርዱ ርካሽ፣ ዝግጅቱ ውድ

የሥራውን መልክ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። ማይክሮኮንትሮለር በልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በመኪና፣ በደም ስኳር መለኪያ ውስጥ ተቀምጦ አንድን ተግባር የሚመራ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ለጀማሪዎች ዐውደ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አትሜጋ 328ፒ የተባለው ባለ 28 እግር ቺፕ ነው። ይህን ቺፕ በባዶ ሰርኪት ቦርድ ላይ ሕይወት ለመስጠት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የቺፑ መቀመጫ፣ ባለ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ ከክሪስታሉ ጋር የሚሄዱ ሁለት ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች፣ የማስነሻ እግሩን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ የኃይል መወዛወዝን የሚያረጋጉ ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች፣ የ5 ቮልት ምንጭና አንዲት ኤልኢዲ መብራት።

ተሠርቶ ያለቀ ቦርድ መግዛትም ቀላል ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ2010 ላውንችፓድ የተባለውን የመማሪያ ቦርዱን በ4.30 ዶላር አቅርቦ ነበር፤ ራስበሪ ፓይ ፒኮም በ2021 በ4 ዶላር ወጥቷል። ታዲያ ዝግጁው በዚህ ዋጋ ከተገኘ በእጅ መበየዱ ምን ይጠቅማል? መልሱ ግልጽ ነው። ዝግጁ ቦርድ ፕሮግራም መጻፍን ያስተምራል፤ በእጅ የተሠራ ቦርድ ደግሞ ሥራ ያቆመ ነገር ለምን እንዳቆመ መፈለግን ያስተምራል። የኃይል፣ የሰዓት ምት እና የማስነሻ መሥመሮችን አንድ በአንድ መለካት፣ የታየውን መመዝገብ፣ መመሪያን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መፈጸም የቴክኒሻን ሙያ መሠረቶች ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የዕቃው ዋጋ በዶላር ሳንቲም የሚቆጠር ከሆነ፣ ዐውደ ጥናቱን ውድ የሚያደርገው ዕቃው ሳይሆን የሰው ሰዓት ነው። ያም ሰዓት በአብዛኛው የሚያልፈው ከዕለቱ በፊት ነው። ማኅበረሰባችን ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጠላ የሚጠነሰሰው በድግሱ ዕለት አይደለም። ድጋፍ ሰጪዎቻችን ግን የሚያዩት ድግሱን ነው እንጂ ድፍድፉን አይደለም።

ዝግጅት ማለት ምን ማለት ነው?

«ዝግጅት» የሚለው ቃል በበጀት ማመልከቻ ላይ ሲጻፍ ባዶ ይመስላል። ስለዚህ ሃያ ሰው የሚሳተፍበትን አንድ ቅዳሜ እንደ ምሳሌ ወስደን በዝርዝር እንመልከተው።

የመጀመሪያው ሥራ የሙከራ ግንባታ ነው። መመሪያውን ያልጻፉ፣ ኤሌክትሮኒክስ የማያውቁ ሁለት ሰዎች ቦርዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሠሩታል፤ አዘጋጁ ዝም ብሎ የት እንደሚቆሙ ይመዘግባል። የቺፑ ጎድጎድ ያለ ምልክት ወዴት መዞር እንዳለበት፣ የትኛው ካፓሲተር አቅጣጫ እንዳለውና የትኛው እንደሌለው በዚህ ጊዜ ካልተብራራ በዕለቱ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ እጁን ያነሣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሁለተኛው የዕቃ ዝግጅት ነው። እያንዳንዱ ከረጢት ተቆጥሮ ይሞላል፤ ለሚጠፋና ለሚበላሽ ትርፍ ይጨመራል። ባዶ የተገዙ ቺፖች ቡትሎደር የሚባለው ማስጀመሪያ ፕሮግራም አስቀድሞ ካልተጫነባቸው በስተቀር ከተሳታፊው ኮምፒዩተር በዩኤስቢ ፕሮግራም መቀበል አይችሉም፤ ይህም ቺፕ በቺፕ የሚሠራ ሥራ ነው። ወጣቶች ከትምህርት ቤት የሚሰጣቸው ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ፕሮግራም መጫንን ስለሚከለክል፣ የተዘጋጁ ኮምፒዩተሮችን መዋስ ግድ ይላል።

ሦስተኛው የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ነው። ሶልደሪንግ አይረን የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ አንዱ 60 ዋት ቢወስድ ሃያው 1,200 ዋት ይወስዳሉ። በአሜሪካ የተለመደው ባለ 120 ቮልት፣ ባለ 15 አምፒር መሥመር የሚሸከመው ቢበዛ 1,800 ዋት ነው። በዚያው መሥመር ላይ አንዲት እናት ለቡና ባለ 1,000 ዋት ምድጃ ቢሰኩ ድምሩ 2,200 ይደርሳል፤ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ሥራውም ቡናውም ይቆማል። ቡናው ይቅር ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ሰውን የሚያሰባስበው እርሱ ነውና። መፍትሔው የአዳራሹን መሥመሮች አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ነው።

አራተኛው ጤና ነው። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የያዘው ማጣበቂያ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ ለጀማሪ ይመቻል፤ እርሳስ የሌለበት የተለመደው ዓይነት ግን 217 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ሆኖም እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው፤ እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን። ስለዚህ ልጆች ባሉበት እርሳስ የሌለበትን መምረጥ፣ የመብልና የሥራ ጠረጴዛን መለየት፣ ከማዕድ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጢሱን የሚስብ ማራገቢያና የዐይን መከላከያ ማዘጋጀት የግድ ነው። አዳራሽ የሚያከራዩ ተቋማት የኃላፊነት መድን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለእርሱም ገንዘብና የወረቀት ሥራ ያስፈልጋል።

አምስተኛው ቀንና ሰዓት መምረጥ ነው። እሑድ ረፋድ ቅዳሴ አለ፤ ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፤ የዐቢይ ጾምና የረመዳን ወራት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ የፈረቃ ሠራተኛውም ዕረፍቱ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ልጅ የሚጠብቅላት ሰው ያላገኘች እናት አትመጣም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው የኮሌጅ ማስታወቂያ ክፍል ሳይሆን መረዳጃ ማኅበሩና እድሩ ነው። የማኅበረሰብ ድርጅት በዝግጅቱ ውስጥ ተከፋይ አጋር ሊሆን የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፊደላችን በትንሿ መስታወት ላይ

የቋንቋ ጉዳይ ከዕቃ ግዢ ይጀምራል። ለጀማሪዎች የተለመደው ባለ ሁለት መሥመር የፊደል ማሳያ፣ አምራቹ አስቀድሞ ካስቀመጠለት ፊደል ውጭ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ስምንት አዳዲስ ምልክቶችን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ምልክት አምስት በስምንት ነጥብ ነው። በዚህ ጠባብ ሰሌዳ ላይ «ሠ»ንና «ሡ»ን ለይቶ ማሳየት እንኳ ይከብዳል። 128 በ64 ነጥብ ያለውን ማሳያ የመረጠ አዘጋጅ ግን 16 በ16 ነጥብ የሆኑ ፊደላትን በአራት መሥመር፣ በየመሥመሩ ስምንት አድርጎ ማስፈር ይችላል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቅርጻቸው 231 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 32 ባይት ቢያዝ ጠቅላላው 7,392 ባይት ይሆናል። ቺፑ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት ስላለው ፊደላችን ተመቻችቶ ይገባል።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስሟን በአያቷ ፊደል፣ ራሷ በሠራችው ቦርድ ላይ ስታነብ ከሚሰማት ኩራት ባሻገር፣ ማኅደረ ትውስታ ምን እንደሆነ በተጨባጭ ትማራለች። ይህ ዕድል ግን የሚገኘው ወይም የሚጠፋው ከሳምንታት በፊት የግዢ ዝርዝሩ ሲጻፍ ነው።

የመመሪያውም ቋንቋ እንዲሁ ነው። በ2000 የወጣውና በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጡ አገልግሎቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዘዘው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቁጥር 13166 በማርች 2025 ተሽሯል። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል ስድስት ግን በትውልድ አገር ምክንያት የሚደረግ አድልዎን እንደ ከለከለ ጸንቶ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የአማርኛ መመሪያ ከላይ በትእዛዝ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ የሚጻፈው እዚሁ ነው፤ ሲጻፍም ሊከፈልበት ይገባል። በነጻ የአጠቃቀም ፈቃድ ከወጣ ደግሞ ጥቅሙ ከዳላስ ያልፋል። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምን ጀምራለች፤ ትኩረቱ በሶፍትዌር ላይ ነው። በጋርላንድ የተጻፈ የአማርኛ የቦርድ መሥሪያ መመሪያ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ለሚማር ወጣት የጎደለውን ግማሽ ሊሞላለት ይችላል።

ገንዘቡ የት ይቆማል?

በ2021 የወጣው የዲጂታል ፍትሐዊነት ሕግ 2.75 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ በሜይ 2025 ግን የፌዴራሉ አስተዳደር ፕሮግራሙን አቋርጦታል። በዚያው ዓመት ከ800 ዶላር በታች ለሆኑ ጥቅሎች የነበረው የቀረጥ ነጻነት በሜይ ለቻይና፣ በኦገስት መጨረሻ ደግሞ ለሁሉም አገሮች ተነሥቷል። ባዶ ሰርኪት ቦርዶችን ከሼንዘን በትንሽ ጥቅል ለሚያዝዝ ማኅበር ይህ ማለት ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ የመጠበቂያ ጊዜ ነው፤ ትእዛዙ ቀድሞ ካልወጣ ዐውደ ጥናቱ ያለ ቦርድ ይቀራል።

በግዛት ደረጃ የቴክሳስ የሠራተኛ ኮሚሽን የሚያስተዳድረው የሙያ ማጎልበቻ ፈንድ በመሠረቱ የተቀረጸው ለቀጣሪ ድርጅቶች ፍላጎት ነው፤ የማኅበረሰብ ድርጅት ሊገባበት የሚችለውም ከኮሌጅ ወይም ከመሰል የትምህርት ተቋም ጋር ሲጣመር ነው። በከተማ ደረጃ ዳላስ፣ ፎርት ዎርዝ፣ ጋርላንድ፣ ኧርቪንግና አርሊንግተን በ1974 ሕግ የተቋቋመውን የማኅበረሰብ ልማት ብሎክ ግራንት በቀጥታ ይቀበላሉ። የሥራ ሥልጠና ከተፈቀዱት አገልግሎቶች አንዱ ቢሆንም፣ ለሕዝባዊ አገልግሎቶች የሚውለው በጠቅላላው ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ይገድባል። በዚህች ጠባብ ድርሻ ውስጥ የሚወዳደር ማኅበር የሚጠየቀው «ስንት ሰው አገለገላችሁ?» ተብሎ ነው። በዚህ መለኪያ ስድስት ሳምንት ተዘጋጅቶ ሃያ ሰው ያሠለጠነ ማኅበር፣ ሳይዘጋጅ ሁለት መቶ ሰው ሰብስቦ ንግግር ካሰማ ማኅበር ያነሰ ሆኖ ይቆጠራል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «በሸርማን ፋብሪካ ውስጥ ማንም በእጅ አይበይድም» የሚል ነው። እውነት ነው። አንድ ቅዳሜ ማንንም የፋብሪካ ቴክኒሻን አያደርግም፤ እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባ ማመልከቻም ሊታመን አይገባውም። ዐውደ ጥናቱ የሚሰጠው ሥራ ሳይሆን ውሳኔ ነው፦ በዳላስ ኮሌጅ ወይም በታራንት ካውንቲ ኮሌጅ ለኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ለመመዝገብ የሚያበቃ በቂ መተማመን።

ሁለተኛው «የመሥሪያ ቦታዎች አሉ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። አሉ፤ በካሮልተን የሚገኘው የዳላስ ሜከርስፔስ ከ2010 ጀምሮ በአባላቱ የሚተዳደር ጠቃሚ ተቋም ነው። ነገር ግን ወደዚያ የሚሄደው አስቀድሞ ፍላጎቱ ያደረበት፣ መኪና ያለውና የአባልነት መዋጮ የሚከፍል ሰው ነው። የማኅበረሰብ አዳራሽ ዐውደ ጥናት ሰዎችን እስከዚያ በር የሚያደርስ እንጂ የሚፎካከር አይደለም።

ሦስተኛው «በጎ ፈቃደኞች በነጻ ያዘጋጁታል» የሚል ነው። አንድ ጊዜ ያዘጋጁታል። ሁለተኛውን ዙር ሲያዘጋጁ ይደክማሉ፤ ሦስተኛው አይኖርም። ያልተከፈለ ዝግጅት የሚያስከትለው ጉዳት የጥራት መጉደል ብቻ ሳይሆን የቀጣይነት መቋረጥ ነው።

ምክረ ሐሳቦች

1. ለከተማ ምክር ቤቶች፦ በብሎክ ግራንት ማመልከቻና ውል ውስጥ የሙከራ ግንባታ፣ የመመሪያ ጽሕፈትና ትርጉም፣ የዕቃ ዝግጅት፣ የመድንና የልጆች ጥበቃ ወጪዎች «የዝግጅት ወጪ» በሚል ግልጽ ርእስ ይካተቱ።

2. ለግዛት ሕግ አውጪዎች፦ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ያለ ትልቅ አጋር ሊያመለክቱበት የሚችሉ አነስተኛ የመግቢያ ሥልጠና ድጎማ ከሙያ ማጎልበቻ ፈንዱ ወይም ከሴሚኮንዳክተር ፈንዱ ጎን ይቋቋም። ቀጣዩ መደበኛ የምክር ቤት ጉባኤ የሚከፈተው ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ሲሆን፣ ረቂቅ ሕጎችን አስቀድሞ ማስገባት የሚቻለው ከኖቬምበር 2026 ምርጫ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ ነው። ረቂቁ ከዚያ በፊት መዘጋጀት አለበት።

3. ለቤተ መጻሕፍትና ለኮሌጆች፦ መበየጃዎች፣ መለኪያ መሣሪያዎች፣ ማራገቢያዎችና ላፕቶፖች በአንድነት ተሰናድተው ለማኅበራት የሚውሱበት ሥርዓት ይዘርጋ። እያንዳንዱ ማኅበር የየራሱን ቢገዛ ዕቃው ዓመቱን ሙሉ በመጋዘን ያድራል።

4. የሕዝብ ገንዘብ ለተቀበሉ አምራቾች፦ ለማኅበረሰብ ዐውደ ጥናቶች ቺፖችንና የባለሙያዎቻቸውን ሰዓት መስጠት ከሕዝብ ጋር የገቡት ውል አካል ሆኖ ይታይ። የሚሰጠው እገዛ ለዝግጅቱ ሳምንታት ጭምር እንጂ ፎቶግራፍ ለሚነሣበት ዕለት ብቻ አይሁን።

5. ለድጋፍ ሰጪዎች ሁሉ፦ መለኪያው ይቀየር። በዕለቱ ከተገኘው ሰው ብዛት ይልቅ ስንት ቦርድ ሠርቶ እንደ ተጠናቀቀ፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንት ሰው ወደ ኮሌጅ፣ ወደ መሥሪያ ቦታ ወይም ወደ ሁለተኛ ዐውደ ጥናት እንደ ተሻገረ፣ እንዲሁም መመሪያው ለሌሎች በነጻ መውጣት አለመውጣቱ ይጠየቅ።

እነዚህ አምስቱ ተደምረው የሚጠይቁት ገንዘብ ለአንድ ፋብሪካ ከተፈቀደው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚጠይቁት የአስተያየት ለውጥ ግን ትልቅ ነው። የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች የሚቀጥለው የማኅበረሰብ ማመልከቻ ሲደርሳችሁ፣ የተሳታፊውን ቁጥር ከማንበባችሁ በፊት የዝግጅቱን ገጽ ግለጡ። ገጹ ባዶ ከሆነ ማኅበሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ቅጻችሁን ተመልከቱ፤ ምናልባት ቦታ ያልሰጠው እርሱ ነው። የማኅበረሰብ አደራጆችም በበኩላችን የምንሠራውን የዝግጅት ሰዓት ዛሬውኑ መመዝገብ እንጀምር፤ ያልተመዘገበ ሥራ በበጀት ክርክር ላይ ምስክር የለውም።